ከ«ቤስት ሪጋርድስ» በላይ

የኢሜይል መሀሉ አስቸግሮኝ አያውቅም። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደገባ፣ የትኛው የውኃ ፓምፕ እንደተበላሸ፣ ማን ሄዶ እንደሚጠግነው መጻፍ ለማን ያቅታል? እኔን ላብ በላብ የሚያደርገኝ አናቱና እግሩ ነው። ምን ብዬ ልጀምር? ምን ብዬ ልሰናበት? በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ጭንቄ እጥፍ ይሆናል። የቢሮ ጓደኞቼ ወጥተው ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ እኔ ገና «ዲር» የምትለዋ ቃል ላይ ተገትሬ ያገኙኛል።

ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ያደግኩት ሰላምታ እንደ ዋዛ በማይታይበት ቤት ነው።

አባቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ናቸው። ድጓ ያስተምራሉ፤ ድሮ ደግሞ ለሰፈሩ ሰው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ደብዳቤያቸው ከላይ ጀምሮ እስከ ወገቡ ድረስ ሰላምታ ነው። የተቀባዩን ጤና፣ የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን፣ የአገሩን ሰላም፣ የዝናቡን ሁኔታ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳዩ አይገቡም። አስጻፊው «አባ፣ በሬው መሞቱን ብቻ ይንገሩልኝ» ብሎ ቢለምን እንኳ «በሬውማ ሞቷል፣ የት ይሄዳል» ብለው ሰላምታቸውን ይቀጥላሉ።

በቤታችን አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር፤ የተሰጠሽን ሰላምታ በተሰጠሽ ልክ አትመልሺም፣ ጨምረሽ ትመልሻለሽ። «እንዴት አደርሽ» ላለሽ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው» ትያለሽ። በአንድ እጁ ለጨበጠሽ በሁለት እጅ። ትንሽ ጎንበስ ላለልሽ በደንብ ዝቅ። ቀንሶ የመለሰ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ታሟል፣ ወይ አሳዳጊ በድሎታል።

አጥር የምንዋሰናቸው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ በሃይማኖት ቢለዩንም በእሳቸውም ቤት ሕጉ ያው ነው። ሁለቱ መንገድ ላይ ከተገናኙ አበቃ። አባቴ ጎንበስ ሲሉ ሐጂ ይበልጥ ጎንበስ ይላሉ። ሐጂ ልጆቹን ሲጠይቁ አባቴ የልጅ ልጆቹን ይጠይቃሉ። ሐጂ በተራቸው ስለ ከብቶቹ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ከብት የላቸውም። አባቴ «ከብቶቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን» ብለው የሐጂን ከብቶች በስም ሊጠሩ ምንም አይቀራቸውም። አንዳቸው እንዲሸነፉ እግዜር ዝናብ ካላዘነበ በስተቀር ሱቁም አይከፈትም፣ ትምህርቱም አይጀመርም። ልጅ ሆኜ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ማየት በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ቤት ወጥቼ ነው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ እንግሊዝኛ የተማርኩት። ስጨርስ ሥራ ያገኘሁት ደግሞ በገጠር ቀበሌዎች የውኃ ፓምፖችን በሚያስጠግን አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ቢሮው ማራኪ አካባቢ የተከራየ ቤት ነበር። የእኔ ሥራ ከየወረዳው ሠራተኞች ጋር መጻጻፍ፣ የሚጠይቁትን ዕቃ ማዘጋጀትና መላክ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አዲስ አበባ የምትቀመጥ የውጭ አገር ሴት ነበረች። አማርኛ ስለማታነብ መጻጻፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ እንዲሆን፣ ለእሷም ኮፒ እንዲደረግ፣ በስልክ የሚነገርም ነገር እንዳይኖር አዘዘች። ሁሉ ነገር ተጽፎ ይቀመጥ አለች።

የመጀመሪያውን ኢሜይል የጻፍኩት ለእሷው ነው። እንዳደግኩት አድርጌ ጻፍኩት፤ ጤናዋን፣ ቤተሰቧን፣ ከአገሯ ርቃ እንዴት እንደከረመች፣ የአዲስ አበባ ብርድ ጠንቶባት እንደሆነ ጠየቅኩ። ጎንደር ሰላም መሆኗን፣ ዝናቡ ደህና መጣሉን ነገርኩ። ከዚያ በመጨረሻ አንድ መስመር ስለ ወረቀት መግዣ ጨመርኩ። እሷ ራሷ ያወጣችውን ደንብ ጥሳ ደወለችልኝ። እየሳቀች፣ ግን በደግነት፣ «በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ቆንጆ ኢሜይል ደርሶኝ አያውቅም፤ ጉዳዩን ግን ፈልጌ ያገኘሁት በመከራ ነው» አለችኝ። ከዚያ መከረችኝ። ሲጀመር «ሃይ» ነው፤ ሲያልቅ «ቤስት ሪጋርድስ»፣ መልካም ሰላምታዬ እንደ ማለት። በቃ።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ሃይ?» አሉ። «ይሄ ሰላምታ ነው ወይስ ሳል?»

እኔም በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ትልቅ ሰውን «ሃይ» ብሎ መጥራት እጄ እምቢ አለኝ። «ዲር» ላይ ጸናሁ፤ «ቤስት ሪጋርድስ»ን ግን ተቀበልኩ። አብዛኞቹ የወረዳ ሠራተኞችም የሚጠቀሙባት እሷኑ ነበር። ጠዳ ከተማ የተመደበው ሠራተኛማ «ታንክስ» ብሎ ይዘጋታል፤ ለጠዳው ሰው ምን ብጨምርለት ያው «ታንክስ» ነው። እንዲህ እንዲህ ስል ለመድኩት፤ ከሻይም መቅረት ተውኩ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ትክል ድንጋይ በምትባለው የወረዳ ከተማ አዲስ ሠራተኛ ተቀጠረ። አይቼው አላውቅም። የመጀመሪያው ኢሜይሉ የፓምፕ ላስቲክ እንዲላክለት የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ ነበር፤ መዝጊያው «ቤስት ሪጋርድስ»። እኔ ዕቃው በሹፌራችን እጅ እንደሚመጣ ጻፍኩና ከታች ስደርስ እጄ በራሱ ጊዜ «ካይንድ ሪጋርድስ» ብሎ ጻፈ። የደግነት ሰላምታ እንደ ማለት ነው፤ ከመልካም ትንሽ ከፍ ይላል። አዲስ ሰው ነው፣ ጭቃ ውስጥ ነው ያለው፣ ብጨምርለት ምን አለበት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

መልሱ መጣ። ላስቲኩ ደርሷል፣ አሁን ቧንቧ ያስፈልጋል። መዝጊያው «ካይንደስት ሪጋርድስ»። እጅግ የደግነት ሰላምታ!

ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ይሄ ሰውዬ ሰላምታ ያውቃል።

ስለ ቧንቧው መለስኩና ዘጋሁት፤ «ዋርም ሪጋርድስ»፣ ሞቅ ካለ ሰላምታ ጋር። እሱ ቧንቧው መገጠሙን ነግሮኝ «ዋርመስት ሪጋርድስ» አለ፤ እጅግ ሞቅ ካለ ሰላምታ ጋር። መክፈቻውም አብሮ ይወጣ ጀመር። «ዲር ኮሊግ» የነበረው «ማይ ዲር ኮሊግ» ሆነ፤ ውድ ባልደረባ የነበርኩት ውድ ባልደረባዬ ተባልኩ። እኔም ስለ ሲሚንቶ ስጽፍ «ማይ ቬሪ ዲር ኮሊግ» አልኩት። እሱ በተራው ጤናዬን ጠየቀ። እኔ ጤናውንና የቤተሰቡን ጤና። እሱ የእኔን፣ የቤተሰቤንና የመሥሪያ ቤቱን። መሀል ላይ ያለችው ጉዳይ ግን ያው ነበረች፤ ላስቲክ፣ ቧንቧ፣ ሲሚንቶ፣ ብሎን።

መዝጊያው ሲያልቅብኝ ኢንተርኔት ላይ እፈልግ ጀመር። ፈረንጆቹ የሰላምታ ዓይነት በየደረጃው አስቀምጠውታል፤ ይሄ ለማታውቁት ሰው፣ ይሄ ለአለቃ፣ ይሄ ለወዳጅ እያሉ። እኔና የትክል ድንጋዩ ሰው ግን ከአለቃው ካለፍን ቆይተናል። «ዊዝ ዋርም ዊሽስ»፣ ከሞቀ ምኞት ጋር፣ ስለው «ዊዝ ማይ ዋርመስት ዊሽስ» አለኝ። ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው የእሱን ሆነ። ከፍቼም የማነበው ከእግሩ ነው። ቧንቧው ተሰበረ አልተሰበረ ዞሬ ነው የማየው። ከሚኒባስ ስወርድ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ የታክሲ ረዳቱ «ምን ተገኘ?» ብሎኝ ያውቃል።

ወደድኩት። ሌላ ስም የለውም። ፊቱን የማላውቀውን፣ ድምፁን ያልሰማሁትን ሰው በኢሜይል እግር ላይ ወደድኩት።

ሹፌራችንን እንደ ቀልድ ጠየቅኩት። «ያ የትክል ድንጋዩ ሰው ሽማግሌ ነው እንዴ?»

«ኧረ ወጣት ነው። ሸጋ ልጅ» አለኝ። «ሚስትም ያለው አይመስለኝ፤ ሽሮ ራሱ ሲሠራ አይቸዋለሁ።» ከዚያ በመስታወቱ ወደ እኔ አየት አድርጎ «ምነው?» አለ።

«ለሪፖርት ነው» አልኩት።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ይህ ሰው የሚጨምረው ወዶኝ ነው ወይስ እንዲያው ጨዋ ሆኖ ነው? እኔ ራሴ ስጀምር በጨዋነት አይደል የጀመርኩት? እሱ እስካሁን እዚያው ላይ ቢሆንስ? ለሥራ አስኪያጃችን የሚጽፋቸው ኢሜይሎች በኮፒ ይደርሱኝ ስለነበር ሄጄ አየኋቸው። ለእሷ ሁልጊዜ «ቤስት ሪጋርድስ» ነው፤ አንድ ደረጃ እንኳ ከፍ አላለም። ደስታዬ ጣሪያ ነካ። ለእኔ ብቻ ነው ማለት ነው!

ያን ቀን ማታ ነገሩን ለአባቴ አወጋኋቸው። የአንዲት ጓደኛዬ ጉዳይ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። አባቴ በጥሞና ሰሙኝ። እያንዳንዱን መዝጊያ በአማርኛ እንድፈታላቸው ጠየቁ፤ አንዱን ከአንዱ መዘኑ፤ «ከሞቅ ያለውና ከደጉ የትኛው ይበልጣል?» አሉ። ሞቅ ያለው እንደሚበልጥ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሄ ሰው ወይ ጨዋ ነው፣ ወይ ወዷል» አሉ።

«ለሥራ አስኪያጇ ግን አይጨምርም እኮ አባዬ!»

«እሷስ ለእሱ ትጨምራለች?»

«አትጨምርም።»

«ታዲያ እሷ ካልጨመረች እሱ በምን ላይ ይጨምር?»

ደስታዬን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ውኃ በላው።

«እንዴት ነው የሚለየው ታዲያ?» አልኳቸው።

«ጓደኛሽ ቀንሳ ትመልስለትና ትየው» አሉ፤ ጓደኛሽ የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ። ከዚያ ወዲያው ራሳቸው ደነገጡ። «የለም፣ የለም። ቀንሳማ አትመልስም። የማን ልጅ ናትና!»

በማግሥቱ የመጣው የእሱ ኢሜይል ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ስለ አሸዋ ነው የሚያወራው፤ መዝጊያው ግን «ዊዝ ኦል ማይ ዋርመስት ዊሽስ፣ ኦልዌይስ» ይላል። ከሞቀው ምኞቴ ሁሉ ጋር፣ ዘወትር። ጨምሬ ልመልስ ብዬ ቀና ስል ከዚያ በላይ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዊዝ ላቭ»። ከፍቅር ጋር! ሥራ አስኪያጇ በኮፒ እያነበበች፣ ስለ አሸዋ በተጻፈ ኢሜይል ላይ፣ ለማላውቀው ሰው ከፍቅር ጋር ልል?

ጻፍኩት፤ አጠፋሁት። «ሪጋርድስ» ብቻ ብዬ ጻፍኩ፤ እሷንም አጠፋሁ፣ ሰውየውን በጥፊ የመታሁት ያህል ተሰማኝ። በዚያው ልክ ልመልስ ብዬ የራሱን ቃል ቀዳሁለት። እሱም አልሆነልኝም፤ የአባቴ ድምፅ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ያደረግኩት የቂል ሥራ ነው። አሸዋውን ለሹፌሩ አስጭኜ ላክሁ፤ ኢሜይሉን ግን ሳልመልስ ቀረሁ። ሰው ሰላም ብሎኝ ዝም ስል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያ ሳምንት አልፎ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጭቃው የቢሮው በር ድረስ ገብቶ ሳለ፣ አንድ ረዘም ያለ ወጣት ቦቲውን ደጃፉ ላይ እየጠራረገ ሲገባ አየሁ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ገና አፉን ሳይከፍት አወቅኩት። እንዴት እንዳወቅኩት አትጠይቁኝ፤ ጎንበስ ሲል አወቅኩት።

ተነስቼ ከእሱ ይበልጥ ጎንበስ አልኩ።

«እንዴት ሰነበቱ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?»

«ተመስገን፤ ሁሉ ሰላም ነው። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ? ቢሮው?»

«ተመስገን። ትክል ድንጋይ ሰላም ነው? ገበያው? መንገዱ እንዴት ነበር? ዝናቡ በርትቷል?»

«ዝናቡስ ሸጋ ነው። የእናንተስ?»

ሹፌራችን የመኪናውን ቁልፍ እያሽከረከረ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኛ ቀጠልን። ከብቶቹ ጋ ስንደርስ የሚጠየቅ ሰውም እንስሳም አለቀብን። ያኔ ነው ኮፍያውን እያዞረ የመጣበትን የነገረኝ።

«አሸዋው ደርሶኛል» አለ። «ሰላምታው ግን አልደረሰኝም። ምነው? ምን አጠፋሁ?»

ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ፊት ነበረው። ለሰላምታ ብሎ ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጦ መጣ። ልቤ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ ይሄስ ወዶኛል አልኩ። ደፈር ብዬ ጠየቅኩት።

«ያ ሁሉ ሰላምታ... ኢሜይሉ ላይ... ምን ለማለት ነው?»

«እንዴ!» አለ፣ በቅንነት፣ በፍጹም ቅንነት። «እርስዎ ጨምረው ሲልኩ እኔ እንዴት ቀንሸ ልመልስ? አባቴ አይሰማ እንጅ ቢሰማ ምን ይለኛል? የሰጡህን ጨምረህ መልስ ብሎ አይደል ያሳደገኝ። በእንግሊዝኛ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ሳገኝ እርስዎ የመጀመሪያየ ነዎት። ቃል ሲያልቅብኝ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ እየወጣሁ ነበር የምፈልግ።»

ጨዋ ነው። አባቴ ካስቀመጡት ከሁለቱ፣ የፈራሁት። አንድ ክረምት ሙሉ ስወደው የከረምኩት ሰው ጨዋ ብቻ ነው።

እኔም ኩራቴን ከወደቀበት አንስቼ «እኔም እኮ እንደዚያው ነው» አልኩት። «እርስዎ ሲጨምሩ ነው የጨመርኩት።»

ከዚያ እሱ መጀመሪያ ሳቀ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ሹፌሩ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። «ዊዝ ላቭ» ጋ ደርሼ እንደቆምኩ ነገርኩት፤ «እኔም እርስዎ እሱን ቢጽፉ ምን እጨምራለሁ ብየ ስፈራ ነበር» አለኝ። ዓይናችን እንባ እስኪያቀርር ተሳሳቅን። በዚያው ሳቅ ላይ ውል ገባን። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ማንንም ሳይቀየም ሁለታችንም ወደ ታች እንወርዳለን፤ «ቤስት ሪጋርድስ» ላይ እንቆማለን። ተጨባበጥን፣ በሁለት እጅ። እሱ የሚያስፈልገውን ብሎን ይዞ ወደ ትክል ድንጋይ ተመለሰ።

እኔ ቁጭ ብዬ መስኮት መስኮቱን አየሁ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ኢሜይሎች እንደ ውላችን ናቸው። «ዲር ኮሊግ፣ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ቤስት ሪጋርድስ።» እኔም «ዲር ኮሊግ፣ ተልኳል፣ ቤስት ሪጋርድስ።» ኪቦርዱን እደበድበው ጀመር። የጠዳው ሰው «ታንክስ» ሲለኝ «ምን ታንክስ ታንክስ ትላለህ!» ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ጮኽኩ። ሥራ አስኪያጃችን «የሁለታችሁ ኢሜይል እንዴት አጠረ፣ ታማችኋል?» ብላ ጻፈች። ደህና ነን አልኳት፣ ቤስት ሪጋርድስ። ሚኒባስ ውስጥም ፈገግታዬ ጠፋ። ማዘኔን አልደብቅም፤ በጣም አዘንኩ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የማዝንበት ምክንያት ሲታይ ባዶ መሆኑ ነው። ሰውየው ምን በደለኝ? ሰላምታዬን አክብሮ መለሰልኝ እንጂ!

አባቴ ጓደኛዬ እንዴት ሆነች ብለው አልጠየቁኝም። ከእራታቸው ላይ ግን የሥጋውን ቁራጭ ወደ እኔ ገፋ ያደርጋሉ።

አንድ እሑድ ረፋድ፣ አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው ቁርስ ስናቀርብ ስልኬ ጮኸ። ኢሜይል ነው። ከእሱ። በእሑድ ጽፎልኝ አያውቅም፤ ከፈትኩት። እንደ ልማዴ ከእግሩ ላነብ ወደ ታች ወረድኩ። መዝጊያ የለውም። ወደ ላይ ወጣሁ። መክፈቻም የለውም። «ዲር»ም የለ፣ «ሃይ»ም የለ። ደግሞ በአማርኛ ነው የተጻፈው።

«ያ ሰው ነው?» አሉ አባቴ።

«ነው። ሰላምታ የለውም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«ተቆጥቷል» አሉና እንጀራውን አስቀመጡት። «አንብቢው።»

አነበብኩላቸው።

«ወደ ታች መውረዱን ሞከርሁት፣ አልሆነልኝም። ስንወጣ በሰላምታ ብቻ የወጣን መስሎኝ ነበር። ቢሮሽ ከመጣሁ ወዲህ አንድም ቀን ሥራ የሠራሁ አይመስለኝም። አባቴና ሁለት ሽማግሌዎች የፊታችን ቅዳሜ ወደ አባትሽ ለመምጣት ተዘጋጅተዋል። ሳልጠይቅሽ ግን አልልካቸውም። ይምጡ?»

«አንቺ» ብሎኛል። ይህን ያወቅኩት ጮክ ብዬ ካነበብኩት በኋላ ነው።

አባቴ ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ወንበሮቹን ቆጠሩ፣ በሩን ከፍተው ወደ ግቢው ተመለከቱ፤ ሽማግሌዎቹ አጥሩ ጋ የደረሱ ይመስል ነበር። ከዚያ «ጓደኛሽ ምን ትላለች?» አሉኝ ጀርባቸውን ሰጥተው። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ለመመለስ አፌን ስከፍት ስልኩ ዳግመኛ ጮኸ። የሥራ አስኪያጃችን ኢሜይል ነው። ያ ምስኪን እንደ ደንቡ ለእሷ ኮፒ አድርጎላት ኖሯል! አማርኛውን ለኮምፒውተሯ ሰጥታ አስተርጉማዋለች። «ሃይ፣ ሁለታችሁም» ብላ ጀመረች። «እዚህ ጉዳይ ውስጥ የመግባት ሥልጣን የለኝም። ግን እባክሽን ቶሎ መልሺለት፤ ቁርሴን መብላት አቃተኝ።» ከታች ደግሞ፣ እኔ ሳምንት ሙሉ ስሸሸው የከረምኩትን ቃል እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርጋዋለች፤ «ዊዝ ላቭ»።

ሳቅኩ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። አባቴ ደንግጠው «ምን ተባለ?» አሉኝ። ጣቴን ጠራርጌ ስልኩ ላይ አንዲት ቃል ጻፍኩ።

«ይምጡ።»

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው በትከሻዬ በኩል አዩ። ከላይ ፈለጉ፣ ከታች ፈለጉ። በእሳቸው ዕድሜ ሰላምታ የሌለው መልስ ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ሰላምታውስ ልጄ?» አሉ።

«እሱን በአካል እሰጠዋለሁ» አልኳቸውና ላክሁት።